ቦራ አልበላም

ቦራ በልቷል። እኔ ግን እሱ አልበላም አልኩ። ነገሩ ይሄ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም አልወድም። ለምን እንዳልኩ ካልተናገርኩ ግን ዝም ብዬ ውሸታም ሆኜ ልቀር ነው።

ስምንት ዓመቴ ነበር። ሰማንያ ስምንት ላይ፣ በትምህርቱ አጋማሽ፣ ከሁለተኛ ክፍል አንስተው ከደሴ ወደ አያቴ ላኩኝ። አያቴ እንድሪስ፣ እኛ አባባ ነው የምንላቸው፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ከሐረጎ ተራራ ግርጌ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ከሞቱ ሁለት ክረምት አልፏል።

«ለአባባ ጓደኛ ትሆኛቸዋለሽ» አለችኝ እናቴ።

ጓደኛ! የሰባ ዓመት ሽማግሌ ጓደኛ። እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። አባቴ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሱቅ ነበረው፤ የሱቁን ትልቅ መስታወት የሰበርኩት እኔ ነኝ። የዚያ ቅጣት ነው ብዬ አመንኩ። ማንም አይደለም አላለኝም። ማንም ምንም አላለኝም። እስከ ዛሬ የሚያናድደኝም ይሄው ነው።

ቦራ የአባባ ውሻ ነው። ቡናማ ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ ነበረው። ሙስሊም ቤት ውሻ ብዙ አይታይም፤ ለአደን ግን ይፈቀዳል፣ አባባም በዚህ ማንንም አያከራክሩም። ቦራ ከቤት ገብቶ አያውቅም። ውጭ የራሱ የተሸረፈ ሸክላ ነበረው። በስህተት ሌላ ዕቃ ከላሰ አባባ ሰባት ጊዜ ያጥቡታል፣ አንዱን በአፈር። እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እቆጥራለሁ። ስድስት ላይ ቢያቆሙ ልይዛቸው ነው። አንድም ቀን አላቆሙም።

አደኑም ሕግ አለው። ውሻው ሲለቀቅ ቢስሚላህ ይባላል። ይዞ ቆሞ ከጠበቀ የያዘው ለጌታው ነው፣ ሥጋው ሐላል ነው። ከበላበት ግን የያዘው ለራሱ ነው፤ ለኛ ሐራም። «ቦራ በዕድሜው አንድ ጉርሻ በልቶብኝ አያውቅም» ይላሉ አባባ። ስለ ገዛ ልጃቸው እንኳ እንዲህ ሲያወሩ አልሰማሁም።

ልጃቸው አባቴ ነው፤ በሺር። አንድ አርብ ከጁምዓ በኋላ ስኳርና ሳሙና ይዞ መጣ። እኔ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሽንብራ እቆረጥማለሁ።

«አባዬ፣ ውሻው እኮ አርጅቷል» አለ።

«ማን አለ?»

«ማን ይላል። አሁን ስገባ አጠገቡ ስደርስ ነው የጮኸው። ሌባ ብሆንስ? ጅብ ብሆንስ? ገደሉ ደሞ እዚሁ ነው። አንድ ቀን ይገባበታል።»

«መንገዱን ያውቀዋል።»

«ቢያውቀውስ? እግሩ አንዴ ቢስት አለቀ። ማን ይደርስለታል?»

አባባ ሙስበሃቸውን፣ መቁጠሪያቸውን፣ ይቆጥራሉ። አባቴ ጫማውን እያየ፣ «ደሴ እንግባ። አረፋንም እዛ እናድርግ። ሰው አለ፣ መስጊዱ ቅርብ ነው» አለ።

«ቦራ ዛሬም ያድናል» አሉ አባባ።

«አባዬ…»

«አንድ ጊዜ ይያዝ። እንደ ድሮው፣ ሳይበላ። ከያዘ ከዚህ ንቅንቅ አልልም። ካልያዘ ያልከው ይሁን።»

«ይሁን» አለ አባቴ። «ወላሂ፣ ከያዘ ሁለተኛ አላነሳብዎትም።»

ሁለቱም ስለ ውሻ ነበር ያወሩት። ሁለቱም ስለ ውሻ አልነበረም። እኔ ግን ስምንት ዓመቴ ነው፤ ውሻ ሲባል ውሻ ነው የምሰማው። ደሴ ላይ ውሻ እንዴት እንደሚሞት ደግሞ አውቃለሁ። ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ መርዝ የበሉት መንገድ ዳር ደርቀው ተጋድመው አያቸው ነበር። ስለዚህ ለኔ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ቦራ ሳይበላ ከያዘ ይኖራል። ካልያዘ ወይ ከበላ ደሴ ወስደው ይገድሉታል።

ማክሰኞ ሱብሒ ተሰግዶ እንዳበቃ ደሳለው መጣ። ደሳለው ጎረቤት ነው፣ ክርስቲያን፣ ከአባባ ጋር ሃያ ዓመት ያደነ። ሲያድኑ ተራ ነበራቸው። አንዱ ቀን ደሳለው ያርዳል፣ ሥጋው ወደሱ ቤት። ሌላው ቀን አባባ ያርዳሉ፣ ሥጋው ወደኛ። በዚህ አንድ ቀን ተጣልተው አያውቁም።

«ሁዳዴ ነው፣ ዛሬ ዝሆን ብትጥሉም አይነካኝ» አለ እየሳቀ። «ተራው የርስዎ ነው አያ እንድሪስ። ጠላቴ ቦራም ተነሳ እንዴ? እኔማ ሞቷል ብዬ ልቅሶ ልደርስ ነበር።»

«አንተ ቀድመኸው ትሞታለህ» አሉት አባባ።

ቦራ ተነሳ ማለት እንኳ ያስቸግራል። መጀመሪያ የፊቱ ተነሳ፤ የኋላው ቆይቶ መጣ።

አካሄዳቸው ገና ከበር ጀምሮ አናደደኝ። አንዲቷን ጦር ለሁለት ያዟት። ደሳለው ከፊት ሆኖ አንዱን ጫፍ፣ አባባ ከኋላ ሌላውን።

«ለምን ለሁለት?» አልኩ።

«ከባድ ናት» አለ ደሳለው።

እኔ ራሴ ባንድ እጄ አነሳታለሁ። የቦራ ገመድ ደግሞ አባባ አንጓ ላይ ታስሯል። እንዳያመልጥ ነው ብዬ አሰብኩ። ያ ውሻ ወዴት ሊያመልጥ!

ደሳለው አፉን አይዘጋም። «እቺ ድንጋይ ዛሬም እዚሁ ናት፣ ግራ ግራውን እንበል። ይሄ ቦይ ባለፈው ሊሰብረኝ ነበር፣ ሰፋ አርጎ መርገጥ ነው። ኧረ ቁልቁለቱ መጣ! እሾኩ ደሞ በቀኝ በኩል እንዴት አድጓል ባካችሁ!» አደን ላይ ዝም ይባላል አይደል? አውሬውን ሁሉ አስበረገገብን። ዝም በል ልለው አልችልም፣ ትልቅ ሰው ነው። ጥርሴን ነክሼ ሄድኩ።

አባባ ደግሞ በጥያቄ ይወጥሩኛል።

«ሁስኒዬ፣ ምን ታያለሽ?»

«ቁጥቋጦ።»

«ከቁጥቋጦው ወዲያስ?»

«ሌላ ቁጥቋጦ።»

«ቦራ ጆሮውን አቁሟል?»

ቦራ እግራቸው ስር ነው ያለው። ዞር ብለው ማየት ነው እኮ! የቁርአን አስተማሪዬም እንዲሁ ነበር፤ ፊደሉን እያወቀው በአርጩሜ እየጠቆመ «ይሄ ማነው?» ይለኛል። አባባም እየፈተኑኝ ነው አልኩ። ፈተና ላይ ደግሞ የሚፈለገውን መልስ ነው የምትሰጠው።

«አቁሟል» አልኩ። አላቆመም። እያዛጋ ነበር።

አባባ አያዩም ነበር። ጥላና ብርሃን ይለያሉ፣ ከዚያ አያልፍም። እኔ የተላክሁት ዓይን እንድሆናቸው ነው። ይሄን ያወቅሁት ደሴ ከገባን በኋላ ነው፤ የሱቁን ደረጃ ስተው ወድቀው፣ እናቴ እያነሳቻቸው፣ «አያዩም እኮ፣ አታውቂም ነበር?» ስትለኝ። አታውቂም ነበር! ማን ነገረኝና? ባለፈው ዓመት አባቴን በዚያው በሽታ፣ በዓይን ሞራ፣ እዚሁ ደሴ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ጠዋት ገባ፣ ከቀትር በፊት ወጣ። በሳምንቱ ጋዜጣ ያነብ ነበር። ለአባባ ግን ያኔ ሁሉም ስለ ውሻ ያወራ ነበር።

ወደ አደኑ ልመለስ። ቦራ መጀመሪያ ያገኘው ሽኮኮ ነው። ሽኮኮዋ ድንጋይ ውስጥ ገባች፣ እሱም ጭንቅላቱን ከተተ፣ ከዚያ ማውጣት አቃተው። ደሳለው በጭራው ጎትቶ አወጣው። ቀጥሎ እንጨት የተጫነ አህያ ላይ ጮኸ። አህያው ዞሮም አላየው። ከዚያ ጥላ አገኘና ተኛ።

«ደከመው» አለ ደሳለው።

«እያሸተተ ነው» አሉ አባባ።

«ተኝተው የሚያሸቱት እኔና እሱ ብቻ ነን።»

አባባ አልሳቁም። ፀሐይ ጠንክራለች። ውሃዬን ጨርሻለሁ። ቦራን ገመዱን ይዤ እጎትተዋለሁ፣ እሱ ያየኛል። ቀስ ብዬ በጆሮው፣ «ተነስ፣ ይገድሉሃል እኮ! አንተ ደደብ!» አልኩት። ጅራቱን አንዴ መሬት ላይ መታ።

«ወደ ጉድባው እንውረድ» አለ ደሳለው።

«ጉድባው ውስጥ ምን አለ?» አሉ አባባ።

«ምን ይታወቃል።»

እሱ ያውቅ ነበር። ከሁለት ቀን በፊት ወጥመድ እግሯን የሰበራት ሚዳቋ ጉድባው ውስጥ ስታነክስ አይቷታል። ይሄንም ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን ሁሉም ሰው ለአባባ እያጭበረበረ ነበር፤ አንዱ ሌላውን አያውቅም እንጂ።

ጉድባው አፍ ላይ ቦራ በእውነት ተቀየረ። አፍንጫው ተነሳ። ጀርባው ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። አባባ በገመዱ ሰሙት መሰለኝ፣ ፊታቸው በራ። አንጓቸው ላይ ያለውን ቋጠሮ በጣታቸው ፈለጉ፣ ፈቱ።

«ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር!»

ቦራ ገባ። ሮጠ ልበል? ሮጠ። አባባ አንድ እጃቸውን ግራር ላይ አድርገው ድርቅ ብለው ቆሙ። የአዳኝ ትዕግሥት ነው ብዬ አደነቅኳቸው። ቁጥቋጦው ተንኮሻኮሸ፣ አንድ ቀጭን ጩኸት ተሰማ፣ ከዚያ ዝም አለ።

«ሁስኒዬ! ምን ታያለሽ?»

ምንም አላይም። ሮጥኩ።

ይዟል። ወላሂ ይዟል! ሚዳቋዋ አንገቷ ተቆልምሞ ወድቃለች፣ ሞታለች። ቦራ ግን ቆሞ አይጠብቅም። የኋላ ጭኗን ይዞ እየጎተተ ይበላል። በጎን ጥርሱ፣ ቀስ እያለ፣ እንደ ሽማግሌ።

«ቦራ! ተው! ቱ! ትፋ!»

በዱላ መታሁት። አፉ ሞልቶ አየኝ። ቁራጩን ካፉ ልነጥቀው ስል ዋጠው። ከኋላዬ የደሳለው ድምፅ ይቀርባል፤ «እዚህ ጋ ዝቅ ማለት ነው፣ ቅርንጫፍ አለ…» ሻርፔን አወለቅሁና የቦራን አፍ ጠረግኩ፣ አፍንጫውን፣ አገጩን። ሻርፔ በውሻ ምራቅና በደም ራሰ። እናቴ ብታይ ከነሻርፑ ታቃጥለኛለች። ጠቅልዬ ብብቴ ስር ከተትኩት።

ደረሱ። ደሳለው ሚዳቋዋን አየ፣ ጭኗን አየ፣ እኔን አየ። አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው።

«ያዘ?» አሉ አባባ።

«ይዟል!» አልኩ።

«ሞታለች?»

«ሞታለች።»

«ነካት?»

«አልነካትም። አልበላም። ቆሞ ሲጠብቅ ነው የደረስኩት።»

አባባ ተንበረከኩ። እጃቸውን ከጆሮዋ ጀምረው ሰደዱ። አንገቷ፣ ትከሻዋ፣ ሆዷ። ጣቶቻቸው የፊት እግሯ ላይ፣ ያበጠው ስብራት ላይ ትንሽ ቆሙ። ደሳለው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ጭኗ ላይ ደረሱ፣ ጣታቸው ጉድጓዱ ውስጥ ገባ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

ቀጥ ብለው ወደ ጉድጓዱ እያዩ ነው የጠየቁኝ። ያን ያህል ጉድጓድ! ሥጋው ይታያል፣ አጥንቱ ይታያል። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ አባባ አይተዋል፣ ግን አብረውኝ እየዋሹ ነው። ለቦራ ሲሉ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

«እሾህ ነው» አልኩ። «ስትሮጥ ግራር ቀዷት ነው።»

«ግራር።»

«አዎ።»

«እስቲ ሻርፕሽን ስጪኝ፣ እጄን ልጥረግ።»

ምን ላድርግ? ሰጠሁ። እጃቸው ላይ ያዙት፣ አገላበጡት፣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። አልጠረጉበትም። አጣጥፈው መለሱልኝ። ከዚያ ባዶ እጃቸውን ወደ ቦራ ዘረጉ። ቦራ መጥቶ ላሰው። መዳፋቸውን፣ ጣቶቻቸውን፣ ሁሉንም። አልከለከሉትም። ሲመለሱም ወንዙ ጋ አልታጠቡም። ልቆጥር ነበር፤ የምቆጥረው አጣሁ።

እስከ አርብ አይመጣም ያልኩት አባቴ በማግስቱ ከች አለ፤ ደሳለው ነው ያስጠራው። ሚዳቋዋ ሳትገፈፍ ዛፉ ላይ ተሰቅላለች። አባቴ አያት።

«ያዘ እንዴ? ኧረ በአላህ!» ፊቱ ጥቁር ብሎ ነበር፣ ግን ወንድ ነው፣ ቃሉን አልበላም። «በሉ እንግዲህ አባዬ። ያልኩት ያልኩት ነው። ይቀመጡ።»

አሸንፈናል! ወደ ቦራ ልሮጥ ተነሳሁ።

«በልቶታል» አሉ አባባ።

«ምን?»

«ውሻው በልቶታል። ለራሱ ነው የያዘው።»

«አልበላም!» ብዬ ጮህኩ። «አባባ አልበላም! እሾህ ነው! አይተዋል እኮ!»

«ሁስኒያ» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም። ወደ አባቴ ዞሩ። «ልጅቷ ለኔ ስትል መዋሸት ጀምራለች። ውሸታም አድርጌ አላሳድጋትም። ያልከው ይሁን።»

አባቴ መሬት መሬቱን አየ። ደሳለው ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አደረገው። እኔ አለቀስኩ፣ ማልቀስ ብቻ አይደለም፣ ድንጋይ አንስቼ የቦራን ሸክላ ሰበርኩ። አብረን ዋሽተን ብቻቸውን እውነተኛ ሆኑ። እኔን ውሸታም አድርገው ቦራን አስገደሉት። እንዲህ ነበር የገባኝ። ሚዳቋዋን አውርደው ለቦራ ሰጡት፤ ሦስት ቀን ሙሉ በላ። በዚያ ሳምንት እኛ ግቢ ውስጥ ደስ ያለው እሱ ብቻ ነው።

የጭነት መኪናው የመጣው አረፋ ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ ጀበናው ሁሉ ከኋላ ተጫነ። አባባ ጋቢና ገቡ፣ እኔ እጭናቸው ላይ፣ አባቴ በር ጋ። ቦራን ደሳለው ይዞት ቀረ። መርዝ እንደማያበሉት ያን ጊዜ ነገሩኝ፤ ደሳለው ጋ ይኖራል። ግድ አልሰጠኝም። ከአባባ ጋር ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም ነበር።

ሐረጎን መውጣት እንደጀመርን በመስታወቱ አየሁት። ቦራ ገመዱን ይዞ እየጎተተ ይከተለናል። መኪናው ጭነት ስላለው ያዘግማል፣ ለዚያ ነው የደረሰብን።

አባባ ምን እንደሰሙ አላውቅም። «ከኋላ አለ?» አሉ።

«የለም አባዬ፣ ደሳለው ይዞታል» አለ አባቴ ቶሎ ብሎ።

«አንተን አልጠየቅኩም። ሁስኒዬ፣ ምን ታያለሽ?»

ጥሩ፣ አልኩ በልቤ። እውነት ነው የሚፈልጉት? እንካችሁ እውነት።

«አለ። እየሮጠ ነው።»

«አሁንስ?»

«ወደ ኋላ እየቀረ ነው። ምላሱ ወጥቷል።»

አባቴ ጭኔን ቆነጠጠኝ። ዝም አላልኩም።

«አሁንስ?»

«ወደቀ። መንገዱ መሀል ተጋድሟል።»

«ይነሳል?»

ይሄን አላየሁም። ጠመዝማዛው ሊመጣ ነው፣ መስታወቱ ውስጥ ያለው አንድ ቡናማ ነገር ብቻ ነው። አላውቅም ማለት ይቻል ነበር።

«አይነሳም» አልኩ። «ሞቷል።»

መኪናው ታጠፈ። አባባ እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ አድርገው ፊቴን ቀስ ብለው ወደፊት አዞሩት። ደሴ አራት ዓመት አብረን ኖርን። ቁርሳቸውን አቀርባለሁ፣ መስጊድ አደርሳቸዋለሁ፣ ደረጃውን እቆጥርላቸዋለሁ። ሁለተኛ ግን ምን ታያለሽ ብለው አልጠየቁኝም።

ሲሞቱ ደሳለው ለልቅሶ መጣ። ድንኳኑ ጥግ ቁጭ ብሎ የጉድባውን ነገር፣ የሚዳቋዋን ስብራት አጫወተኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር።

«ቦራንስ የት ቀበርከው?» አልኩት።

«እጓሮ ነዋ፣ ከሾላው ስር። ዕድሜ ሰጥቶት ነበር፤ ሌላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ኖረ።»

«መንገድ ላይ አልሞተም?»

«የምን መንገድ? እናንተ የሄዳችሁ ለት? ደክሞት ተኝቶ ነው እንጂ። ደርሼበት በገመዱ ይዤው ተመለስኩ። ማታውን እራቱን በላ።»

«ለአባባ ነግረሃቸዋል?» አልኩ። ደሳለው በየጊዜው ለገበያ ደሴ ይመጣ ነበር፣ ከሳቸው ጋር ቁጭ ብሎ ሻይ ሳይጠጣ አይሄድም።

«እሳቸው ስሙን አላነሱም» አለ ደሳለው። «እኔም ባነሳ ይከፋቸዋል ብዬ ዝም አልኩ።»